ያልተወረወረው ቀይ ጨርቅ

ሌስተር ግሪምስን ቀናተኛ ነህ ብትሉት ከልቡ ይስቅ ነበር። ኳስ በእጅ ተይዞ በሚሮጥበት በአሜሪካ ፉትቦል፣ በአክረን አንጥረኞች ክለብ ውስጥ ደግ ሰው ጥቀሱ ቢባል ሁሉም የሚጠራው እሱን ነው። አዲስ ተጫዋች መጥቶ ቤት ሲፈልግ ከተማውን ይዞት የሚዞረው ሌስተር፤ የማንም ሚስት ስትወልድ አበባ ይዞ ሆስፒታል የሚሄደው ሌስተር። በዓለም ላይ ሲያየው አንጀቱ እርር ድብን የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው ደግሞ አለቃው ነው።

አለቃው ኮልቢ ራንስዴል ይባላል፤ የቡድኑ ዋና አሰልጣኝ። አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ጸጉሩ አልሳሳ፣ ሆዱ አልወጣ፣ ሲስቅ ካሜራ ይወደዋል። ሌስተር ሃምሳ ዘጠኝ ሞልቶታል፤ ካሜራ ሲያየው ወደ ሌላ ሰው ይዞራል። ግን የሚያናድደው ይሄ አልነበረም። የሚያናድደው ኮልቢን ሰው ያደረገው ራሱ መሆኑ ነው። ከአስራ ሰባት ዓመት በፊት ኮልቢ በሌስተር ስር የሚጫወት ተጠባባቂ ተከላካይ ነበር። የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ክለቡ ሲያሰናብተው፣ ሌስተር ሥራ አስኪያጁን ደጅ ጠንቶ በረዳትነት አስቀጠረው። የተጋጣሚን ፊልም እንዴት እንደሚያዩት፣ አንድ ተጫዋች ሊሮጥ ሲል ክብደቱን በየትኛው እግሩ ላይ እንደሚጥል፣ አንድ በአንድ አስተማረው። ልጁም ተማረ። ተማረና አለፈው።

ሌስተር በዚህ ሙያ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሯል። ስምንት ክለብ ቀያይሯል፤ ሚስቱ ማርሊን ዕቃ መጠቅለል ስለሰለቻት ግማሹን ካርቶን ከነጭራሹ መፍታት ትታለች። ለዋና አሰልጣኝነት ሰባት ጊዜ ጠርተው ፈትነውታል። ሰባቱንም ጊዜ "እጅግ አድርገን እናከብርሃለን፣ ነገር ግን" ብለው ሸኙት። ከዚያ "ነገር ግን" በኋላ ያለውን መስማት ካቆመ ቆይቷል። ሰባተኛው እዚሁ አክረን ነበር፣ የዛሬ ሦስት ዓመት። ያን ጊዜ ወንበሩን ከእጁ ነጥቆ የሄደው ኮልቢ ነው።

ኮልቢ ሥራውን እንዳገኘ መጀመሪያ የደወለው ለሌስተር ነበር። "ኮች፣ ያላንተ አልሞክረውም። የመከላከሉን ክፍል ያዝልኝ" አለው። ሌስተርም እሺ አለ፤ ሌላ የጠራው አልነበረማ።

በዚህ ሙያ አንድ ልማድ አለ። በተጫዋችነትህ ዘመን ያሰለጠነህን ሰው ዕድሜህን ሙሉ "ኮች" ትለዋለህ፤ አንተ የአገር መሪ፣ እሱ ዘበኛ ብትሆኑም እንኳ። ስለዚህ ዋናው አሰልጣኝ ኮልቢ፣ ረዳቱን ሌስተርን በሰው ሁሉ ፊት "ኮች" ይለዋል። ሌስተርም በበኩሉ ተጫዋቾቹ ባሉበት ኮልቢን "ኮች" ማለት አለበት፤ አለቃ ነዋ። ቃሏ ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ትሰነቀርበት ነበር። ይባስ ብሎ ኮልቢ ቴሌቪዥን ላይ በቀረበ ቁጥር "የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ ሌስተር ግሪምስ ነው" ይላል። ሰዉ ይህን ሲሰማ ማንን ያመሰግናል? ሌስተርን መሰላችሁ? "አይ ትሕትና! አይ ጨዋነት!" እያለ ኮልቢን ያመሰግናል። ሌስተርን ያመሰገነበት ምስጋና እንኳ ዞሮ ተመልሶ እዚያው ኮልቢ ኪስ ይገባል። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

ይህን የምታውቀው ማርሊን ብቻ ናት። አንድ ቀን እራት ላይ ኮልቢ በቴሌቪዥን ዳቦ ሲያስተዋውቅ ታየ።

"ደግሞ ጀመረህ" አለች ማርሊን። "ጥርስህን ስታፋጭ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።"

"አየሽው? ዳቦ! ሰውየው አሰልጣኝ ነው ወይስ ዳቦ ጋጋሪ?"

"አንተን ቢጠሩህ ጫማህን ሳታስር ነበር የምትሮጠው።"

"እኔን ማን ይጠራኛል?"

"ይኸው፤ ነገሩ የዳቦ አይደለም ማለት ነው" አለችና ድንቹን አቀበለችው።

በዚያ ዓመት ቡድኑ ስምንት አሸንፎ ስምንት ተሸንፎ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ደረሰ። እሁድ ኦማሃ ሄዶ የከተማዋን ቡድን፣ ጎሾቹን፣ ካሸነፈ ጥሎ ማለፍ ይገባል። ከተሸነፈ ሁሉም ወደየቤቱ ነው። ሐሙስ ዕለት የክለቡ ባለቤት ወይዘሮ ስትራውደር ሌስተርን ብቻውን ምሳ ጠሩት። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ባላቸው ከጎማ ፋብሪካ ያተረፈውን ሁሉ ለእሳቸው፣ እሳቸው ደግሞ ለኳስ ሰጥተውታል። ከኮምጣጣ ጎመንና ከሥጋ ተድቦልቡሎ የተጠበሰውን የአክረኖችን ምግብ በሹካ እየወጉ ነበር።

"ሌስተር፣ እኔ ዙሪያ ጥምጥም አልወድም" አሉት። "ሦስት ዓመት ታገስኩ። እሁድ ካላሸነፈ፣ ሰኞ ጠዋት ያን ሸበላ አሰናብተዋለሁ።"

ሌስተር ሹካውን አስቀመጠ። "ኮልቢ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ወይዘሮ ስትራውደር።"

"ጎበዝ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩህ? ካሰናበትኩት ሰው ፍለጋ አገር ላገር የምዞርበት ዕድሜ የለኝም። እዚሁ ያለ፣ ቤቱን የሚያውቅ፣ የሚታመን ሰው ነው የምፈልገው። ገባህ?"

"ገብቶኛል።"

"እንግዲያው ብላ፣ ይቀዘቅዛል።"

መብላትስ ማን ይችላል? ሠላሳ አንድ ዓመት የተመኘው ወንበር አንድ ሽንፈት ብቻ ቀርቶት ነበር፤ የገዛ ቡድኑ ሽንፈት። "እኔ እንደሁ እንድናሸንፍ ነው የምሠራው" አለ ወደ ቤቱ ሲነዳ፣ ጮክ ብሎ። መኪናው ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ታዲያ ማንን ሊያሳምን ነበር?

እሁድ ኦማሃ ላይ በረዶ ያካፋ ነበር። የባለሜዳው ደጋፊዎች ከጠዋት ጀምሮ መኪና ማቆሚያው ላይ ቋሊማ እየጠበሱ ቢራ ሲገለብጡ ቆይተው፣ ስታዲየም ሲገቡ ድምፃቸው ለሁለት ከተማ የሚበቃ ሆኗል። ሌስተር በጨዋታ ቀን ሜዳ ላይ አይወርድም። ከላይ፣ በመስታወት በታጠረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሌሎች ረዳቶች ጋር ተቀምጦ ተከላካዮቹን በጆሮ ማዳመጫ ይመራል። የቡድኑ አጥቂዎች ተራ ሲሆን ደግሞ እሱ ሥራ ይፈታል። ለዚያ ጊዜ ኮልቢ ሌላ ሥራ ሰጥቶታል።

ሥራው እንዲህ ነው። ዳኛ ተሳስቷል ያለ ዋና አሰልጣኝ ከኪሱ ቀይ ጨርቅ አውጥቶ ሜዳው ላይ ይወረውራል። ያን ጊዜ ዳኞቹ ምስሉን ደግመው ያያሉ። የሚቀጥለው የኳስ ሙከራ ከተጀመረ ግን አበቃ፣ ጨርቁ ዋጋ የለውም። እንግዲህ ሜዳ ዳር የቆመ ሰው፣ ያ ሁሉ ግንድ የሚያህል ጎረምሳ ፊቱ ተገትሮ ምን ሊያይ ይችላል? የሚያየው ከላይ ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠው ነው፤ ወርውር ወይም ተው ብሎ የሚነግረውም እሱ ነው። ሌሎች ክለቦች ለዚህ ሥራ ለብቻው ሰው ይቀጥራሉ። ኮልቢ ግን "ከኮች ዓይን ሌላ ዓይን አላምንም" ብሎ ለሌስተር ሰጠው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሌስተር ወርውር ብሎት ያፈረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

በሰው ሜዳ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከፋል። የስታዲየሙ ትልቅ ስክሪን የባለሜዳው ነው፤ ለእንግዳ የሚጠቅም ምስል አያወጣም። የኦማሃው ስክሪን ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣበት የአይስክሬም ማስታወቂያ ነበር የሚለቀው፤ በዚያ ብርድ!

ጨዋታው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ተኩል ቀረው። ኦማሃ ሃያ፣ አክረን አስራ ሰባት። ኳሱ በአክረን እጅ ነው። በአራት ሙከራ አስር ያርድ ካልሄዱ ኳሷን ያጣሉ፤ ሁለቱን ሙከራ አቃጥለው ገና ዘጠኝ ያርድ ይቀራቸዋል። በሦስተኛው ኳሷ ወደ ቀኝ መስመር በረረች። ዲሻን የሚባለው ቀጭኑ ተቀባያቸው ሰውነቱን ሁሉ ወደ ውጭ አዘንብሎ፣ በእግር ጣቶቹ ጫፍ ብቻ ሜዳውን እንደነካ ያዛትና ወደቀ።

"ወጥቷል!" አለ ዳኛው እጁን እያወናጨፈ። ሕዝቡ በደስታ ጮኸ። ትልቁ ስክሪን ላይ አይስክሬም መጣ።

ሌስተር ፊት ያለችው ትንሽ ቴሌቪዥን ግን ምስሉን ደገመችው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ አድርጋ። የቀኝ እግሩ ጣት ሣር ላይ፤ የግራው ጣት ሣር ላይ። ሁለቱም መስመሩ ሳይደርሱ፣ ትንሽ በረዶ ፈንጠር አድርገው። ሁለት እግር ሜዳው ውስጥ ካረፈ ኳሷ ተያዘች ይባላል፤ የቀረው ዘጠኝ ያርድም ተሟላ ማለት ነው። በእግሩና በነጩ መስመር መካከል ሁለት ጣት የሚያህል አረንጓዴ ይታይ ነበር። ሕፃን ልጅም አይስተውም። ሌሎቹ የክፍሉ አሰልጣኞች ለአራተኛው ሙከራ ምን እንደሚታዘዝ ወረቀታቸው ላይ አቀርቅረዋል። ያየው ሌስተር ብቻ ነው።

"ኮች?" አለ የኮልቢ ድምፅ በጆሮው። "ገብቷል? ልወርውር?"

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ቅጽበት ሌስተር ስለ ወይዘሮ ስትራውደር አላሰበም። ስለ ወንበሩም አላሰበም። ቁልቁል ሲያይ ኮልቢ በረዶ ጸጉሩ ላይ እያረፈበት፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ሁለት ካሜራ ፊቱ ተደቅኖ ቆሟል። የሚሆነውን ሁሉ አስቀድሞ አየው። ጨርቁ ይወረወራል፣ ዳኛው ይሻራል፣ ቡድኑ ያሸንፋል፤ ነገ ጠዋት አገር ምድሩ "አይ ድፍረት! አይ ዓይን!" ይላል። የማን ዓይን? ከዚያ ኮልቢ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ "ኮች ነው የነገረኝ" ይላል፣ ሰውም ትሕትናውን ያመሰግናል። ቅናቱ ከሆዱ ተነስቶ እስከ ጆሮው ድረስ አቃጠለው።

"ኮች! አስራ ሁለት ሰከንድ ነው ያለኝ! ምን ታያለህ?"

"ጥሩ ምስል አልሰጡኝም" አለ ሌስተር። ድምፁ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

"ምንም?"

"ምንም። ተወው።"

"እሺ" አለ ኮልቢ ወዲያው። ጨርቁን ከኪሱ አላወጣም፤ ዘጠኝ ያርድ ሩቅ ስለሆነበት አራተኛውን ሙከራ ትቶ ኳሷን ወደ ኦማሃ ጫፍ አስለጋት።

ኳሷ ገና አየር ላይ እያለች ቴሌቪዥኗ ምስሉን በሌላ በኩል ደገመችው። የአጥቂዎቹ አሰልጣኝ ቀና ሲል አየው። "ኧረ በእግዚአብሔር! ገብቶ ነበርኮ! ሌስተር፣ ይኸው ገብቷል!" ብሎ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ወረወረ።

"አሁን ነው የመጣው" አለ ሌስተር። ሁለተኛዋ ውሸት ከመጀመሪያዋ ቀለለችው።

ከዚያ በኋላ ተራው የእሱ ተከላካዮች ሆነ፤ ኦማሃን ቶሎ ካስቆሙ ኳሷ ትመለሳለች። ሌስተር የሚያውቀውን ሁሉ አወጣ። እንዲያስቆሙለት በውስጡ ለመነ፤ ካስቆሙ ያደረገው ነገር እንዳልተደረገ ይሆንለት ነበር። የኦማሃ ወፍራም ሯጭ ግን አራት ያርድ፣ አምስት ያርድ፣ እንደገና አራት ያርድ እያለ ሰዓቱን ጨረሰው። ሃያ ለአስራ ሰባት።

ጋዜጠኞቹ ኮልቢን ጠብቀው ያዙት። ሌስተር ከኋላ በሩ ጋ ቆሞ ያዳምጣል፤ እግሩ ለምን እዚያ እንዳመጣው አላወቀም።

"አገር በቴሌቪዥን ያየውን አንተ ለምን አላየኸውም?" አለ አንዱ።

"ቀዩ ጨርቅ የኔ ኪስ ውስጥ ነበር" አለ ኮልቢ። "አልወረወርኩትም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ከላይ የሚያይልህ ሰው አልነበረም እንዴ? ማን ነበር?"

"ላዩም ታቹም የኔ ቡድን ነው። ጥፋተኛ ከፈለጋችሁ ይኸው ፊታችሁ ቆሟል፤ ስሜንም ታውቁታላችሁ።"

አንድ ጋዜጠኛ እንኳ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ሌስተር እፎይ ማለት ነበረበት፤ እሱ ግን በገነ። የእሱን ጥፋት እንኳ ወሰደበት፤ ወስዶም አማረበት።

የውድድር ዘመኑ ባለቀ ማግስት ያለውን ሰኞ በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ ይፈራዋል፤ የሚባረረው የሚባረርበት ቀን ነው። ያን ሰኞ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ወይዘሮ ስትራውደር ሌስተርን ቤታቸው አስጠሩት። ነገሩ አስር ደቂቃም አልፈጀ።

"የአራት ዓመት ውል ነው። አንብብና ፈርም" አሉት። "ለመፈረም መነጽር ያስፈልግሃል? የኔን ውሰድ።"

"አያስፈልገኝም።"

"ሌስተር፣ ምን ትጠብቃለህ?"

"ብዕር፣ ወይዘሮ ስትራውደር።"

ፈረመ። ዋና አሰልጣኝ ሆነ። መንገድ ላይ መኪናውን አቁሞ መሪውን ይዞ ለትንሽ ጊዜ ተቀመጠ፤ ደስታው እስኪመጣ እየጠበቀ። ሲዘገይበት ሞተሩን አስነስቶ ወደ ክለቡ ሄደ።

ኮልቢ ቢሮው ውስጥ ዕቃውን ካርቶን ውስጥ ይከት ነበር። ሌስተርን ሲያይ የያዘውን ፎቶ አስቀምጦ መጥቶ አቀፈው። አጥብቆ ነው ያቀፈው።

"እንኳን ደስ ያለህ፣ ኮች! በመጨረሻ ሰጡህ!"

"ኮልቢ፣ እኔ..."

"ተው ተው፣ ፊትህን አታጨፍግግብኝ። ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ቆልፌ ቁልፉን እውጠው ነበር። አንተ ስለሆንክ ወንበሩንም ወልውዬልሃለሁ።" ሳቀ፤ ዓይኖቹ ግን እንቅልፍ ስላላዩ ቀልተው ነበር። ከዚያ ሳቁን አቆመ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያመላልሰኝ ስላደረ ነው እንጂ አልጠይቅህም ነበር። የዲሻን ምስል በሰዓቱ ደርሶህ ነበር?"

በሩ ክፍት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሰው ይመላለሳል። ውሉ የሌስተር ኮት ውስጥ፣ ደረቱ ላይ ነው። አይቼ ነበር፤ ሁለት ቃል ናት። ምላሱ ላይ ድረስ መጣች፤ ምራቁን ሲውጥ አብራ ወረደች።

"አልደረሰኝም" አለ። "ከተለጋ በኋላ ነው ያየሁት።"

የኮልቢ ትከሻ ዘና አለ። ፊቱ ሁሉ በራ።

"አውቄ ነበር! ይቅር በለኝ ኮች፣ መጠየቄ ራሱ ነውር ነው። ትናንት ከአውሮፕላን እንደወረድን ወይዘሮ ስትራውደር ደውለውልኝ ነበር። 'ሌስተር ሳያይ አይቀርም የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። አብረኸው የኖርከው አንተ ነህ፤ አንድ ቃል ተናገርና ሌላ ሰው ልፈልግ' አሉኝ። ምን አልኳቸው መሰለህ?"

"ምን አልካቸው?"

"'ሌስተር ግሪምስ አይቶ ቢሆን ይነግረኝ ነበር። የሱ ቃል የኔ ቃል ነው፤ ሥራውን ስጡት' አልኳቸው።" ካርቶኑን አነሳና በትከሻው በሩን ገፋ አደረገ። "በል ቻው፣ ኮች። አሸንፍበት።"

ሌስተር ብቻውን ቀረ። ትንሽ ቆሞ ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ምቹ ወንበር ነበር። በመስኮቱ የመኪና ማቆሚያው ይታያል። ኮልቢ ካርቶኑን ታቅፎ በበረዶው ላይ ሲሄድ ተጫዋቾቹ ከልምምድ አዳራሹ እየሮጡ ወጡ፤ አንዳንዱ ኮት እንኳ አልለበሰም። ዲሻን ካርቶኑን ተቀብሎት መኪናው ድረስ ተሸከመለት፤ ሌሎቹ ተራ በተራ ያቅፉታል። አንዱ ግዙፍ ተከላካይ፣ የሌስተር የገዛ ተከላካይ፣ ፊቱን በእጅጌው ይጠርጋል።

ስልኩ ጮኸ። ማርሊን ነበረች።

"ዋና አሰልጣኝ ግሪምስ!" አለች እየሳቀች፣ ደግሞ እያለቀሰች። "ሠላሳ አንድ ዓመት! በል ንገረኝ፣ ደስ አለህ?"

ውጭ ኮልቢ የመኪናውን በር ከፍቶ አንድ ቀልድ ቢጤ ተናገረ መሰለኝ፣ ሁሉም በእንባቸው መሃል ሳቁ። ሥራ የለውም፤ ከነገ ወዲያ ማን እንደሚቀጥረው አያውቅም። ዛሬ ማታ ግን ተኝቶ ያድራል።

"አዎ፣ ደስ ብሎኛል" አለ ሌስተር፤ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ከመቼውም ይልቅ ቀናበት።